ያለ ሬሳ የተዘረጋ ድንኳን

ለባለቤቴ ለፈንታ፤

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ ለአንተ ግን «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብል አሽሙር ይሆንብኛልና ዘልዬዋለሁ። በሕይወትህ ሳለህ በሰው ፊት «እርስዎ» ነበር የምልህ፤ ዛሬ «አንተ» እልሃለሁ። እግዚአብሔርንም «አንተ» ነው የምንለው፤ ከእሱ አብልጬ ላከብርህ አልችልም።

ቤቱ እንዳለ ነው። የተለወጠችው ማኪናህ ናት። ያ ዋልያ ሊያጠና መጥቶ የነበረው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወልህ፣ አልጋና ምድጃ ያላት፣ ጣራዋ እንደ ሙዳይ ክዳን ወደ ላይ የሚነሣው ማኪና። ፒያሳ ላይ ጣራዋን መጀመሪያ ያነሣህ ቀን ትዝ ይልሃል? ግማሹ ሰው «ፈነዳች» ብሎ ሸሸ፣ ግማሹ ውስጧ ያለውን ሊያይ ተጋፋ። አንተ ከላይ ብቅ አልክና እንደ ጳጳስ ቀጥ ብለህ ሕዝቡን በእጅህ ባረክህ። በዚህች ማኪና እንግዳ ከጎንደር ደባርቅ እያመላለስን እንኖራለን አልከኝ። ብዙም ሳትመላለስ ከቆላ ይዘኸው የመጣኸው ንዳድ ወሰደህ።

ሙት ዓመትህ እንደ ወጣ ወንድምህ አያ ታከለ መጣ። እንደ አውራጃ ገዥ ተደላድሎ ተቀመጠና ሴት ልጅ ማኪና ምን ይሠራላታል አለ። ማኪናዋን አንድ እህል ነጋዴ ፈልጓታል፤ ጣራዋን በመጋዝ ቆርጦ ጤፍ ይጭንባታል። ጣራዋን ሲል አንገትህን ያለ መሰለኝ። ሽማግሌ አስቀምጬ ለመንኩ። ዳኝነቱም እንዲህ ሆነ፤ አንድ ጊዜ እንግዳ ወስጄ ልመለስ፤ እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ከተመለሱ ማኪናዋ የእኔ፤ ተከፍተው ከተመለሱ መጋዝ።

እንግዶች ተገኙ፤ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ጸጉራቸው የነጣ ፈረንጆች። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማኪናዋ ስትቆም ከጎኗ የሚዘረጋ፣ ምሳ የሚበሉበት ጥላ። የደጋ ፀሐይ ፈረንጅን እንደ በርበሬ እንደሚያቀላው ታውቃለህ።

ስለዚህ ሸራ ምርጫ ወጣሁ። ለሹመት ሰው ሲመረጥ ይህን ያህል አይደከምም። ኮርቻ ሰፊው አያ ቢያድግ አብሮኝ ዞረ። መጀመሪያ ያገኘነው ጣሊያን ጥሎት የሄደ አረንጓዴ የወታደር ድንኳን ነበር፤ ብርሃን ላይ ሲዘረጋ ወንፊት ሆነ። ቀጥሎ ፒያሳ ከተዘጋ መጠጥ ቤት በረንዳ የወረደ፣ ቀይና ነጭ መስመር ያለው ሸጋ ጨርቅ አየን፤ ልቤን ወሰደው። አያ ቢያድግ ግን በመልክ የሚታለል ሰው አይደለም። ጨርቁን በአራት ማዕዘኑ ሰቅሎ ውኃ ሞላበት፤ ወዲያው ከሥሩ ደም የመሰለ ይንጠባጠብ ጀመር። መጨረሻ ላይ የዕድራችንን አሮጌ ድንኳን አገኘን። ዕድሩ አዲስ አሰፍቶ አሮጌውን እየቆረጠ ይሸጥ ነበር። ውኃ ሞልተንበት አደረ፤ በማግስቱ ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነው።

አዎ፣ ያው ድንኳን ነው፤ አንተም የተለቀስክበት። ጎረቤቱ ሁሉ «ምነው ትርንጎ፣ ምነው» አለኝ። ሸራ ሸራ ነው፣ የማን ለቅሶ እንደነበር አያስታውስም ብዬ መለስኩ። ግቢ ውስጥ ሲዘረጋ ግን ደኅና አድርጌ አየሁት። ግድግዳ ከነበረው ወገን የተቆረጠ ነውና ቡናማ ክቦች በሰልፍ ተደርድረውበታል። ስንት ዓመት ሙሉ ሐዘንተኛ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያስደገፈበት ወዝ ነው። አንዱ የእኔ መሆን አለበት። አያ ቢያድግ በሳሙና ፈተገው፤ ሲደርቅ ተመልሶ ወጣ። ውሻችንም ጥላ እያማረው ከሥሩ አልተኛም አለ።

መግጠሙ ደግሞ ራሱን የቻለ ዘመቻ ነበር። ለሹፌርነት የቀጠርኩት የአክስቴ ልጅ ሲሳይ፣ ወሬው ከጉልበቱ የሚበልጠው፣ የሸራውን ጠርዝ ከሚነሣው ጣራ ጋር እንሰረው ብሎ መከረ። አሰርን። ከዚያ ጣራውን ከውስጥ ሲገፋው ሸራው አብሮ ተነሣ፣ ካስማዎቹን ከነአፈራቸው ነቀለ፣ ምሰሶዎቹም በአያ ቢያድግ ጀርባ ላይ ወደቁ። ሰውዬው ያን ጊዜ ያለውን አልጽፍልህም፤ አንተ ያለህበት አገር እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። በኋላ አያ ቢያድግ ከማይነቃነቀው ገላዋ ላይ፣ ከጣራዋ ሥር ካለው የውኃ መውረጃ ጠርዝ ዝቅ አድርጎ ቀጭን ብረት በቡሎን አሰረና ቀዳዳዎቹን በሰም ደፈነ። ሸራው በአንድ ወገን ከብረቱ ተያዘ፣ በሌላው ወገን በባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆመ፤ ዝናብ እንዳይቋጥርም አንዱን ምሰሶ ከሌላው አሳጠረው። አሁን ጣራዋ ለብቻዋ ትነሣለች፣ ጥላው ለብቻው ይዘረጋል። ብታየው ትቀና ነበር።

ተነሣን። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከመንገድ ዳር ቆመን ዘረጋነው። እንግዶቹ ሰርዲናቸውን ከፍተው ሳይጨርሱ አንድ ገበያተኛ አህያውን አቆመ፣ ዱላውን ጣለ፣ መጥቶ ከሸራው ሥር ተቀመጠና ያለቅስ ጀመር። ከኋላው ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ከዚያ ገበያው ሁሉ። ጥቁር የለበሰች ሴት የለቅሶ ድንኳን ሥር ቆማ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? አይቶ ማለፍስ ነውር አይደለም? ፈረንጇ ደንግጣ ብስኩት አደለች፤ አልቃሾቹም በእንባ መካከል እየተቀበሉ በሉ።

አንዲት አሮጊት ሟቹ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እውነቱን ተናገርኩ፤ የሞተ የለም፣ ለፀሐይ ነው አልኩ። ለቅሶው ቀጥ አለ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡና፣

«ልጄ፣ ድንኳን ያለ ሬሳ አይዘረጋም። ከተዘረጋ ይፈልጋል» አሉኝ።

ሲሳይ እስከ ዳባት አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በእሱ ዕድሜ እንዲህ ያለ ተአምር አልታየም።

ዳባት ላይ ብልጥ ሆንኩ። ሰው እንደ ልማዱ ሲሰበሰብ፣ የሞተው ባሌ ነው አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ትንሽ ቆየ እንጂ። ፈንታዬ፣ እንዴት አድርገው አለቀሱልህ! አይቶህ የማያውቅ ሰው ፈረሰኛ አደረገህ፤ በቅሎ ላይ ስትወጣ ዓይንህን ትጨፍን እንደነበር አልነገርኩትም። በበጌምድር እንዳንተ የተለቀሰለት ሹፌር የለም። ፈረንጆቹም የአገሩ የእንግዳ አቀባበል መስሏቸው ነጠላ ተበድረው ከመካከል ተቀመጡ። እኔም አያ ታከለን ረታሁት እያልኩ በልቤ ሳቅሁ። ሸራውን ስጠቀልል ግን እጄ ክቦቹን ነካ። ቀኑ ደረቅ ነበር፣ የተደገፈባቸውም ሰው የለም። እርጥቦች ነበሩ፤ ለብ ይሉም ነበር።

ከደባርቅ ወዲያ ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ በቀትር ጉም ወረደ። እንግዶቹን የከፍታው ራስ ምታት ይዟቸው ጣራዋን አስነሥተው ከላይኛው አልጋ ተኙ። ጉሙ ይንጠባጠብ ስለነበር ሸራውን ዘርግቼ ምሳ ላሰናዳ ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ይመጣሉ። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ጠጠሩ ከእግራቸው በታች ድምፅ አይሰጥም። አንድ በአንድ እየገቡ ተቀመጡ፤ እያንዳንዱ ከአንድ ክብ ሥር፣ ቦታውን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው። ሰልፉ ሞላ፤ የአንዱ ክብ ሥር ብቻ ባዶ ቀረ። የሚያለቅስ የለም። እኔም የዳባቱን ብልሃት አመጣሁ፤ የሞተው ባሌ ነው፣ ፈንታ ይባላል፣ ሹፌር ነበር አልኩ። ከዳር የተቀመጡት ሽማግሌ ራሳቸውን ሳያነሡ፣

«ፈንታንማ እናውቀዋለን፤ መጥቷል። ይኼ ድንኳን የማን ነው?» አሉ።

ባዶውን ቦታ አየሁት። አልዋሽህም ፈንታ፣ መቀመጥ ቀላል ነበር። አንተ ካለህበት የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ቦታው በልኬ ነው፣ ደክሞኛልም። ጉልበቴ በራሱ መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ከላይ፣ ከተነሣው ጣራ ውስጥ፣ ሽማግሌው ፈረንጅ አስነጠሰ። እንግዳ አለኝ። እንግዳዬ ራበው። ወንድምህም ጎንደር ላይ መጋዙን እየሳለ ነው።

«የምሳ ነው» አልኩ። «እንግዳ አለብኝ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«እንግዲያው ብሉ» አሉና ተነሡ። ሁሉም ተነሡ። እንደ አመጣጣቸው አንድ በአንድ ወደ ጉሙ ገቡ፤ የገቡበት ወገን ገደል ነው። የተቀመጡበት ሣር አልተኛም። ሲሳይን ስፈልገው በሩን ከውስጥ ቆልፎ የማያውቀውን ዳዊት ይደግማል። ምሳውን አቀረብኩ፤ ጨው አብዝቻለሁ፣ ግን በሉ።

እንግዶቹ ጎንደር ሲመለሱ በሽማግሌዎቹ ፊት አመሰገኑኝ። በየትም አገር ምሳ ሲበሉ እንዲህ ተለቅሶላቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። አያ ታከለ በአስተርጓሚ ደጋግሞ አስጠየቀ፤ መልሱ ያው ነው። ጋቢውን አጥፎ ወጣ። ጣራህ አልተቆረጠም።

ሲሳይ ሸራውን ካልቀየርሽ አልነዳም ብሎ ለመነኝ። ውኃ አያስገባም፣ አልቀይርም አልኩት። አንድ ሕግ ብቻ አወጣሁ፤ መጀመሪያ ምግቡ ይወጣል፣ ሸራው ከዚያ ይዘረጋል። የሚመጣ ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ ለምን እንደተዘረጋ ከሩቅ ይይ።

ፈንታዬ፣ አልረሳህም። በቅዳሴ ስምህን አስጠራለሁ፤ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥርም እኔው እጠራሃለሁ፣ የሚሰማኝ ቢኖርም ባይኖርም። እነዚያን ሰዎች ስታገኛቸው ሰላም በልልኝ፤ ጨዋዎች ናቸው። ግን ሁለተኛ እንዳይመጡብኝ ንገርልኝ። ቀኔ ሲደርስ ማንም ሳይጠራኝ በእግሬ እመጣለሁ። አሁን አልችልም፤ ማክሰኞ ሌሎች እንግዶች አሉብኝ።

ያንተው ትርንጎ