አንድ ያልኩት ምት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ የፈረንጁ ምስክርነት የተቀረጸበት ድምፅ በሌላ አስተርጓሚ እንዲደመጥ አዘዙ።

እታለም፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃውን ያስወጣሻል ወይስ አሁንም ጎረቤት ትለምኛለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ የራቀኝ እንቅልፍ ብቻ ነው።

ስለ ልጅሽ ችሎት የሰማሽው ጎደሎ ነው። ፈረንጁ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ሊተክል የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ቃል አያባክንም። ለሁሉ የምትበቃው አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ አለችው። ሠራተኛው ሥራ ያቆመበትን ሳምንት ሲያነሳ ስትራይክ፣ የግድግዳው ሰዓት ሲደውል ስትራይክ፣ ልጅሽ የጋዝ ብየዳውን ሊለኩስ ክብሪት ሲጭር ስትራይክ። እኔ ለእያንዳንዱ የራሱን የአማርኛ ቃል እየሰጠሁ ተከተልኩት። ሃያ ዓመት የበላሁበት ሥራ ነው።

ከዚያ ጠቡ ላይ ደረሰ። ሟቹ የቶርኖ ሠራተኛ ሌላው ሥራ ሲያቆም ብቻውን ብረት ሲቀርጽ የሰነበተ ሰው ነበር። ልጅሽ ሲመለስ አይቶት፣ ጀግናው፣ ሦስት ቀን ተኝተህ መዶሻው ከበደህ እንዴ፣ ከከበደህ ለእናትህ ስጣት አለው። ሰው ሳቀ። ልጅሽ መዶሻውን አነሳ።

ፈረንጁ ያችኑ ግስ ደገማት። መጀመሪያ ጆሮ ግንዱን። ሰውየው የቶርኖው ማሽን ሥር ወደቀ፤ መነጽሩን በእጁ ሲዳብስ ደግሞ አናቱን። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቃሏ አልበቃችውም፤ ክንዱን ሰቅሎ የምስክር ሳጥኑን በጡጫ ጓ አደረገው። ከዚያ እንድተረጉም ወደ እኔ ዞረ።

በግሷ አላሳብብም፤ ያለው ግልጽ ነበር። ብረት እንደሚቀጠቀጥ ቀጠቀጠው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ተናዶ አንድ ጊዜ መታው፣ ሲወድቅ ማሽኑ አናቱን አገኘው ብዬ ተረጎምኩ። ዳኛዋ ታዲያ ሳጥኑን ለምን መታ ብለው ጠየቁኝ። መደንገጡን ሲገልጽ ነው አልኳቸው።

ምስክርነቱ ሳይጀመርም ከተከሳሹ ጋር ዝምድና አለህ ወይ ብለውኝ ነበር። የለኝም አልኩ። የእናት ወንድም በስም አይታወቅ፤ የእሱ አባት ሌላ፣ የእኔ አባት ሌላ።

ስወጣ የሟቹ እናት በረንዳው ላይ ጠበቁኝ። ልጄ፣ አንተ ቋንቋውን ታውቃለህ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ተሰቃይቷል ወይ አሉኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው እማማ፣ ራሱም አላወቀውም አልኳቸው። እጄን ሳሙኝ። ከሞተ ወዲህ ዛሬ ገና ልተኛ ነው አሉኝ።

በደብዳቤሽ፣ ልጄ ያን ቀን ቱታውን እቤት አምጥቶት አጥቤዋለሁ ብለሻል። ስንት ውሃ እንደቀየርሽ አልጻፍሽም። አልጠይቅሽም።

የሌላው አስተርጓሚ ትርጉም ሐሙስ ይቀርባል። ቀድሜ የተናገርኩትን ላርም ብል ልጅሽን በገዛ አፌ አሳልፌ እሰጠዋለሁ፣ እኔም አብሬው እከሰሳለሁ፣ የሟቹ እናትም ሦስቱንም ምት ይሰማሉ። ዝም ብልም ሐሙስ አይቀርም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለሚመጣውም ትከሻ አይንሳሽ።

ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት ዳኛዋ ቢሮ ቀጠሮ አስይዣለሁ። መሄዴን ገና አልቆረጥኩም። እስከ ማክሰኞ ጻፊልኝ፤ ስለ ቱታው ግን አትጻፊ።

አንቺ ያሳደግሽው ወንድምሽ