ፕላዝማውና ዘጠኙ እስክሪብቶ

ኅዳር 4 ቀን 1999
ከሰባ ሁለት ተማሪ ዘጠኙ ብቻ ጻፉ።

10ኛ ለ፣ ሒሳብ። ፕላዝማው ቴሌቪዥን ላይ የምታስተምረው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፣ ጥቂት ሰከንድ ጠበቀች፣ "በጣም ጥሩ!" አለች። ማንን ይሆን? ከኋላ ቆሜ የሚንቀሳቀስ እስክሪብቶ ቆጠርኩ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ጎበዜ የፕላዝማ መገምገሚያ ቅጽ ሰጥተውኛል። "እውነቱን ሙላ" ብለው። እንዲህ ሲሉኝ ነው የምጠረጥራቸው።

ኅዳር 6
ሴትዮዋ ኮን የሚሉትን ሾጣጣ ቅርጽ ቆርጣ ውስጡን አሳየች። እኔ ሃያ ዓመት በጠመኔ ስሞክር እንዲህ አሳምሬ አላውቅም። ይሄም ይጻፍ።
ወይስ ቀንቼ ነው እስክሪብቶ የምቆጥረው?

ኅዳር 7
መብራት ጠፋ። የትናንቱን ኮን በጠመኔ ደገምኩት፣ አማርኛ እየቀላቀልኩ። አርባ አንድ ጻፉ። ግን ትናንት አይተውታል... ቁጥሩ አድልቶልኝ ይሆን? እሱንም ቅጹ ላይ አሰፈርኩ።

ተማሪዬ ሁሪያ ስትወጣ ጠጋ አለች። አባቷ ሸማ ተራ ጋቢ ይሸጣል።
"ቲቸር፣ ነገም መብራት ይጠፋል?"
"ምነው?"
"ሴትዮዋ ትሄዳለች፣ እኛ እንቀራለን። ማትሪክ ደግሞ እኛኑ ነው የሚጠብቀው።"
ኢልያስ ከኋላ፦ "ሴትዮዋማ እስካሁን አብነት ሰፈር ደርሳለች!"

አስተያየት መስጫው ላይ ጻፍኩ፦ በሳምንት ሁለት ቀን ፕላዝማው ይጥፋ፣ መምህር ያስተምር። ፈረምኩ።

ኅዳር 12
ኅዳር ሲታጠን ነውና ሰፈሩ ቆሻሻ ሲያቃጥል ዋለ። መስኮት ዘጋን። በሙቀቱ ያላላባት ሴትዮዋ ብቻ ናት።

አቶ ጎበዜ ቅጹን አንብበው ጠሩኝ።
"ዘጠኝ? ወንድሜ፣ ይሄ ፕላዝማውን ሳይሆን አንተን ነው የሚያስገመግመው።"
"እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር።"
"እሱንማ ጭራሽ እንዳትናገር።"
ቅጹን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ኅዳር 14
አቶ ጎበዜ ቅጹን ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዳደርስ ላኩኝ። ተላላኪ እያለ ለምን እኔን?

ኮሪደሩ ላይ ተራ ስጠብቅ ፖስታውን አየሁት። አልታሸገም። ቅጹን አወጣሁት። ከዘጠኙ ፊት አምስት ገብቷል። ሃምሳ ዘጠኝ። "ሁለት ቀን ይጥፋ" ያልኩት በነጭ ማጥፊያ ተሸፍኗል። ፊርማዬ እንዳለ ነው።

ጸሐፊዋ በለጥሻቸው እጇን ዘረጋች።
"ጋሼ፣ ተራዎ ደርሷል። ይስጡኝ፣ መዝግቤ ማህተም ላድርግበት።"

ሰዓቴን አየሁ። 10ኛ ለ ሊገባ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

"ጋሼ?"

ቅጹን ፖስታው ውስጥ መልሼ፣ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ ክፍሌ ለመድረስ ወጣሁ።