ለማይደውሉ ሴቶች ሙዚቃ የመረጡት የእትዬ ሙዚቃ የሕይወት ታሪክ

ሰው ሁሉ እትዬ ሙዚቃ እያለ የሚጠራቸው እህታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ናቸው፤ የመጀመሪያዋ ይህን ታሪክ ያስጻፈችው ታላቅ እህታቸው ናት። ቤቱ ሁለት ልጅ የሚያስተምር አቅም ስላልነበረው ታላቂቱ ሆስፒታል ልብስ እጥበት ስትገባ ታናሺቱ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚህ የተከፋ የለም፤ ዕጣ ነው። እሳቸውም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሰው የታላቃቸውን ድካም አላሳፈሩም።

በ1977 ዓ.ም. በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሸክላና የካሴት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። መስኮት የሌለው ክፍል ነበር። እያንዳንዱን ሸክላ በጨርቅ እየወለወሉ፣ ጽሑፉን ብቻ ሳያምኑ ድምፁንም እየሰሙ ይደረድሩ ነበር። ጋዜጠኞቹ ሲቀልዱ "አቧራ ጠራጊዋ" ይሏቸዋል፤ ዘፈን የጠፋባቸው ዕለት ግን "እትዬ ሙዚቃ፣ በሞቴ!" እያሉ በራቸው ላይ ይኮለኮላሉ። ስሙ በዚያው ጸና።

በ1989 ዓ.ም. ለሥራ አስኪያጁ ሐሳብ አቀረቡ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ ሴቶች ሥራ ላይ ባሉበት ጊዜ፣ ሴቶች የሚወዱት ሙዚቃ ብቻ ወሬ ሳይበዛበት ይሰማ የሚል ነበር። ሥራ አስኪያጁ "የምግብ አሠራርና የቁንጅና ምክር ካልገባበት ማን ይሰማዋል?" አሏቸው። "ማብሰሉንማ ከእናቶቻቸው ተምረው ጨርሰዋል" ብለው መለሱ። ክርክሩ ሰንብቶ የሦስት ወር ሙከራ ተፈቀደ። ፕሮግራሙ የሚመዘነው በሚደውለው ሰው ብዛት ሆነ። ካልተሳካ ወደ መዝገብ ቤታቸው ተመልሰው፣ ሐሳብ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳያነሱ ተነገራቸው።

በሦስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ደወለ። አራቱ ቁጥር ተሳስተው ነው። አንዱ ባል ነው፤ "ሚስቴን አፈዘዛችሁብኝ" ሊል። እህታችን ይህን ለታላቃቸው ሲነግሩ ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም ነበር። "እታለም፣ አንቺ እንኳ አንድ ቀን ብትደውዪ ምን ነበረበት?" አሉ። በእጥበት ክፍሉ ሃያ ሁለት ሴቶች ሬዲዮዋን የውሃ ቧንቧ ላይ አንጠልጥለው በየቀኑ ይሰሙ ነበር። ታላቃቸው ግን "እጄ እርጥብ ነው። ደግሞስ ደውዬ ምን ልበል? ለመስማትም ማመልከቻ ይጻፋል?" አለቻቸው። ያንን ቃል መልሳ ብትውጠው ደስ ይላት ነበር።

ሙከራው ሲያበቃ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ማስታወቂያ ተቋረጠ። በሚቀጥለው ሰኞ፣ በዚያው ሰዓት፣ ወንዶች ስለ እግር ኳስ መጨቃጨቅ ጀመሩ።

ሴቶቹ ግን ጣቢያ ፕሮግራም ያጠፋል ብለው አላሰቡም። ሬዲዮአቸው የተበላሸ መሰላቸው። ከጣቢያው ጀርባ ባለው መንገድ የሚሠሩት ሬዲዮ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ በዚያ ሳምንት ብቻ ሃያ ሦስት ሬዲዮ ተደረደረ። የሁሉም አቤቱታ "ዘፈኑ ወጥቶ ወንዶች ገቡበት" የሚል ነው። ጠጋኙ ፈቱ፣ ገጠሙ፤ የጎደለ ነገር የለም። የሁሉም ጠቋሚ በዚያው ጣቢያ ቁጥር ላይ ቆሟል። አንዱ እንዳይነቃነቅ በክር ታስሯል። የእጥበት ክፍሉ ሬዲዮማ ማንም እንዳይነካካው መቀየሪያው ተነቅሎ ተጥሏል። የነቀለችውም፣ እህቷ መቋረጡን ስላልነገሯት "ቶሎ ካልሠራኸው ለሌላ እሰጠዋለሁ" ብላ ጠጋኙን የተቆጣችውም ታላቃቸው ናት።

ዓርብ ዕለት ጠጋኙ ሬዲዮዎቹን በጋሪ ጭነው ጣቢያው በር ላይ አቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ሲወጡ "ጌታዬ፣ በሽታው ያለው እናንተ ጋ ነው፤ እኔ አልቻልኩም" ብለው ሬዲዮዎቹን አንድ በአንድ ከፈቱላቸው። ከሃያ ሦስቱም የሚወጣው ያው ጭቅጭቅ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጋሪውን አንዴ ዞሩትና ተመልሰው ገቡ። ሰኞ ሙዚቃው ተመለሰ። ለአድማጭ የተነገረው "በቴክኒክ ችግር ምክንያት" ተብሎ ነው። ይሁን፤ ሥራ አስኪያጅም ያፍራል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻቸው ድረስ ለሃያ ስድስት ዓመት ሙዚቃውን የመረጡት እሳቸው ናቸው። በ1991 ዓ.ም. ጠጋኙን አግብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። ሴቷ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ወንዱ ከአባቱ ጋር ጥገና ቤት ይሠራል። ሰው ሲሞት ሁሉም "ሰው አክባሪ፣ ሩኅሩኅ" ይባላል። እህታችን ግትር ነበሩ። ባይሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ አይጻፍም ነበር።

ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም ተይዘው ሰባት ወር ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ በ58 ዓመታቸው አረፉ። ታላቃቸው አልጋው አጠገብ ነበረች። አንሶላውን ዳሰሰችው፤ በደንብ ያልተለቀለቀ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልተሰማትም። እንባውም ገና አልመጣም።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ታላቅ እህታቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ጣቢያው "በቀብራቸው ዕለት ሁለቱን ሰዓት በዝምታ እናስባቸው ወይ?" ብሎ ወደ ቤተሰቡ ልኮ ነበር። "አይሆንም፤ ሴቶቹ ሥራ ላይ ናቸው" ተብሎ ተመለሰለት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አሁን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሲነበብ፣ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው የመረጡት ሙዚቃ በየቤቱና በየሥራ ቦታው እየተሰማ ነው። እዚህ የቆመው ሰው ጥቂት ነው። ይህን አይታችሁ "ቀባሪ አጡ" የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ያልመጡት እየሰሙ ነው።

ቆመው ለሚሠሩት ሲደክሙ የኖሩትን አምላክ ተቀምጠው በሚያርፉበት ያኑርልን።