አይሪሽን ለማዳን በእንግሊዝኛ ለጻፉልኝ ሰው

ለክቡር አቶ ፊያክራ ዲላን
የቋንቋ፣ የኪነ ጥበብና የባህል ቱሪዝም ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ደብሊን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የኢኒሽ ኮርን ደሴት ሰዎች፣ እርስዎ ይመስገኑና፣ ገና አልሞትንም።

እርስዎም በደንብ እንደሚያውቁት፣ ሐምሌ በመጣ ቁጥር የከተማ ልጆች ቤቴ እያደሩ የአገራችንን ቋንቋ አይሪሽን ይማራሉ፤ ሦስት ጊዜ እንግሊዝኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ ሻንጣውን ይዞ በጀልባ ወደ መጣበት ይሸኛል። ሠላሳ አራት ዓመት የኖርኩበትን ይህን ሥራ የሚነጥቀኝ ደብዳቤዎ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። ያለ ልጆቹ ቤቴ ይዘጋል፣ ሴት ልጄም ደሴቱን ለቃ ትሄዳለች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ፦

፩. ልጆቹ ከእንግዲህ ወደቡ ላይ በተሠራው ሆቴል እንዲያርፉ፣ ቋንቋችንንም በአዲሱ የባህል ማዕከል ከጆሮ ማዳመጫ እንዲሰሙ ስለወሰኑ አመሰግናለሁ። የተቀዳው ድምፅ የጎረቤቴ የጀልባ ነጂው የኮልማን ነው። ዜናውን ሲሰማ፣ «እኔ እዚሁ ቆሜ እየለፈለፍኩ ሬሳዬን ሊያዳምጡ ነው እንዴ?» ብሎ ቆቡን መሬት ላይ ወረወረው።

፪. አይሪሽን የሚያድነው ደብዳቤዎ ከራስጌ እስከ ግርጌ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ አመሰግናለሁ።

፫. አሥር ሆነን ስንጫወት አንድ አይሪሽ የማይችል እንግዳ ከገባ፣ እንዳይከፋው ብለን ሁላችንም ወደ እንግሊዝኛ እንዞራለን፤ የደሴታችን ወግ ነው። እርስዎም በመጡ ቁጥር ይህንኑ አደረግንልዎ። እርስዎ ግን ጨዋነታችንን አይተው፣ «ነዋሪው ቋንቋውን ትቶታል» ብለው በሪፖርትዎ ጻፉ። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ክፉኛ ተናድጃለሁ።

እናም ሐሙስ ማዕከሉን ሊመርቁ ሲመጡ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የሚመልስልዎ ሰው አያገኙም። ተማምለናል። ንግግርዎንም የሚተረጉምልዎ የለም።

ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ለእኛ ያለዎትን ያህል መሆኑን እያረጋገጥኩ፣

ባርብራ ኒ ኮኒላ
ከልጆች አሳዳሪዎች ዝርዝርዎ የተሰረዘች የቤት እመቤት

ይህንም ልጨምር፦ የቤቴን የድሮ መዝገብ ገልጬ ነበር። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ፊያክራ ዲላን የሚባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቤቴ ከርሟል። በእንግሊዝኛ ድንች ጨምሩልኝ ሲል አንድ፣ ባሕሩ ቀዝቅዞት ሲሳደብ ሁለት ተብሎ ተጽፎበታል። ሦስተኛውን በጆሮዬ ሰምቼ ነበር፤ ቀሚሴን ይዞ ቢያለቅስብኝ አዘንኩና ሳልጽፈው ቀረሁ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ። ዛሬ ጽፌዋለሁ። ሐሙስ ሻንጣዎን አይፍቱ፤ ኮልማን የጀልባውን ሞተር አያጠፋም።