የማይዝግ የተባለው የጀልባ ብረት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1962

ዝጓል። አራቱም ላይ አለ።

ጋሼ ኪዳኔ ቅዳሜ ከፊልቱ ይመጣሉ ስለተባለ አቧራውን ላራግፍላቸው ብዬ ጆንያውን ፈታሁት። ብረቱ ቡናማ ነጥብ በነጥብ ሆኗል። መጀመሪያ ጭቃ መስሎኝ በምራቄ አሸሁት። አልለቀቀም።

የጀልባ መሪ ብረቶች ናቸው። እንደ በር ማጠፊያ ሁለቱ ወንዴ፣ ሁለቱ ሴቴ። ወንዴው እንደ ጣት የወጣ ዘንግ አለው፣ ሴቴው ቀዳዳ። መሪው ከጀልባዋ ጭራ ጋር የሚያያዘውም የሚዞረውም በእነሱ ነው። ጋሼ ኪዳኔ የገናሌን ውሃ የሚለኩ ሠራተኛ ናቸው፤ ያደጉት ምጽዋ ነው። አባባ ዘበኛ በሆነበት፣ እኛም በምንኖርበት ግቢ ውስጥ ሸራ የምትዘረጋ ትንሽ ጀልባ ሠሩ። ነገሌ ውስጥ፣ ውሃ በአህያ በሚመጣበት አገር። ሰው እየመጣ አይቶ፣ ስቆ ይሄድ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። የተናገርኩትም ነገር ግን የለም፤ ዝም ብዬ ቆሜ አየሁ እንጂ።

የዛሬ ሁለት ወር ወደ ፊልቱ ሲሄዱ ብረቶቹን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ለአባባ አይደለም፣ ለእኔ። "የማይዝግ ብረት ነው፤ ደረቅና ንጹሕ ቦታ ይቀመጥ እንጂ ሌላ አትጨነቂ" አሉ።

እኔ ግን ተጨነቅሁ። ዝናቡ ሲጀምር ጣሪያው አፈሰሰና ጋዜጣው ራሰ። የተሻለ ላደርግ ብዬ ከዕቃ ቤት ባዶ ጆንያ አምጥቼ ደጋግሜ ጠቀለልኩ፣ በሲባጎ አጥብቄ አሰርኩ፣ አልጋዬ ሥር ከተትኩ። በየቀኑ እጄን ሰድጄ እዳስሰው ነበር። ውስጡን ግን አንድ ቀንም አላየሁም።

እማዬ እህቴን ልታርስ ቦሬ ከሄደች ወር አልፏታል። ለማን ልንገር።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

የድል በዓል ነው። ከተማው በሙሉ ሜዳ ወጥቷል፤ ከበሮው እዚህ ድረስ ይሰማል። አብረውኝ የተማሩት ልጆች በሰልፍ ሲያልፉ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። እነሱ ሰባተኛ ገብተዋል። እኔ ከስድስተኛ ቀረሁ፤ አስተማሪው ሲጠይቀኝ ስለማልመልስ የማላውቅ ይመስለው ነበር። አንዷ ወደ በራችን ዞር ያለች መሰለኝ። ላይሆንም ይችላል።

ግቢው ባዶ ስለነበር ከአባባ መሣሪያ ሣጥን የሽቦ ብሩሽ ወሰድኩ። ክንዴ እስኪዝል ፈገፈግሁ። ነጥቦቹ ጠፉ፣ ብረቱ አበራ። ፊቴን አየሁበት፤ የተጣመመ ፊት። ለብቻዬ ሳቅሁ። በውሃ አለቅልቄ ድንጋዩ ላይ ተውኳቸው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

ባሰበት። ትናንት የፈገፈግሁት ቦታ ሁሉ ቀይ አቧራ የለበሰ ይመስላል። ነጥብ የነበረው ፊቱን ሸፍኖታል።

ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው አባ ጉዮ መጡ። ከሜጋ በኩል ጨው እያመጡ የሚሸጡ የቦረና ሽማግሌ ናቸው፤ አባባን ሳይጠይቁ አያልፉም። "አካም ኢንታላ፣ ናጋ?" አሉኝ፤ ልጅት፣ ደኅና ነሽ ማለታቸው ነው። ናጋ አልኩ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። በጀልባዋ ሁልጊዜ ይቀልዳሉ። ዛሬም ግመል ናት አሉ፣ ውሃ ሳታይ ይህን ያህል የቆየች። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን አዩ። ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። እንዴት እንደነገርኳቸው አላውቅም።

ጆንያውን አምጪ አሉ። አሸተቱት። ጫፉን ላሱት። ሳቃቸው ጠፋ።

"ሶጊዳ" አሉ። "ጨው ነው። የኤል ሶድ ጨው። ይሄ ጆንያ የኔ ነበር።"

ለካ አባባ ለፍየሎቹ ጨው የገዛበት ነው። ተራግፎ ባዶ ቢመስልም በክሩ ውስጥ ጨው ቀርቷል። ዝናቡ አረጠበው፤ እኔ ደግሞ አጥብቄ አሰርኩበት። ጨው በሚወጣበት በኤል ሶድ ጉድጓድ ዳር የሚቀመጥ ገጀራ ዓመት እንደማይሞላው ነገሩኝ። የማይዝግ የሚባል ብረት ሰምተው አያውቁም፤ ጨው ግን ስም አይቶ አይመለስም አሉ። ብሩሹንም አንስተው አገላበጡት።

"ይሄ ራሱ ዝጓል። በሽተኛን በበሽተኛ ታሳጥቢያለሽ?"

በዝናብ ውሃ ደጋግሜ እንዳጥበው፣ አየር እንዳልከለክለው አዝዘውኝ ሄዱ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29

እማዬ ነጠላዋን የምስማር ዝገት ሲነካው በሎሚ ነበር የምታስለቅቀው። ጠዋት ትዝ አለኝ። ያደረግሁት ይህ ነው፦

ከጣሪያ የወረደ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ።
የሎሚ ጭማቂ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ ቀስ ብሎ። ሽቦ የለም።
ትንሽ አቆይቶ እንደገና ውሃ። ቀዳዳዎቹ ውስጥም።
በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መስኮት ላይ፣ ሳይሸፈን፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ።

ስድስት ሎሚ ጨረስኩ። ጣቴ የተላጠበት ቦታ ያቃጥላል። ቀዩ ግን ለቀቀ። እየተመላለስኩ አያቸዋለሁ።

ሦስቱ ንጹሕ ናቸው። አራተኛው፣ አንዱ ወንዴ፣ ዘንጉ ሥር ሦስት ጉድጓድ አለው። መርፌ የወጋው ያህል ነው። ዓይን ያልፈዋል። ጥፍሬ ግን ይያዝበታል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 30

አዲስ ነጥብ የለም። አራቱም ያበራሉ።

አባባን ነገርኩት። ብረቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና ምንም የለውም አለ። በጥፍሩ አልነካውም። "አጥበሽዋል፣ አብርቷል፤ በቃ አፍሽን ያዢ። የሰው ዕቃ አበላሸች መባል ምን ያደርግልሻል?" ለእኔው ብሎ ነው። ሁልጊዜ አፍ የለሽም ወይ የሚለኝ ሰው ዛሬ አፍሽን ያዢ አለኝ።

ጋሼ ኪዳኔ ሰኞ ጀልባዋን በጭነት መኪና ወደ አርባ ምንጭ ይወስዳሉ፤ ቤተሰባቸው እዚያ ነው። ዓባያ ሐይቅ ላይ መጀመሪያ ይዘው የሚወጡት ልጃቸውን ነው፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ዋና ገና አልለመደችም ብለውኝ ነበር። ሐይቁ ነፋስ አለው። አዞ አለው። መሐል ላይ ዘንጉ ቢሰበር መሪ የለም።

ላይሰበርም ይችላል። ሦስት የመርፌ ጉድጓድ ነው።

የምናገረውን ወረቀት ላይ አራት ጊዜ ጻፍኩ። "ጋሼ ይቅርታ" ብሎ የሚጀምረው ሁሉ እንባዬን ያመጣዋል። ሰረዝኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1

ልደታ ነው። ጎረቤቶቻችን ንፍሯቸውን ይዘው ግቢው ዛፍ ሥር እንደተቀመጡ ጋሼ ኪዳኔ መጡ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ጀልባዋን ከበበ። አንዱ ካፒቴን እያለ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጣቸው። እሳቸውም ሳቁ። ከስተዋል፣ ጠቁረዋል። ብረቶቹን አምጪልኝ አሉ። በጨርቅ ላይ ደርድሬ አመጣሁ። አንድ በአንድ እያነሱ አይተው "ጎሽ፣ ፅጌ" አሉኝ። አባባ አየኝ።

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ይህን መጻፍ አለብኝ። ዝም ማለት ለእኔ የለመድኩት ሥራ ነው፤ ምንም አይጠይቀኝም ነበር።

የጻፍኩት ሁሉ ጠፋኝ። እጃቸውን ይዤ አውራ ጣታቸውን ዘንጉ ሥር አሳረፍኩት። የባዳ ሰው እጅ እንዲህ ይዤ አላውቅም።

"እዚህ ጋ ተበልቷል። የጨው ጆንያ ውስጥ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልጅዎን ይዘውበት እንዳይገቡ።"

ከኋላ አንዲት ሴት፣ እሷ ትናገራለች እንዴ ስትል ሰማሁ።

ጋሼ ኪዳኔ ጥፍራቸውን ደጋግመው አስኬዱበት። ወደ ፀሐይ ወስደው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጨርቁ ላይ ሳይመልሱት ኪሳቸው ከተቱት። "ይሄ ውሃ አይገባም" አሉ። ጀልባዋ ሰኞ ትሄዳለች፤ ሌላ ወንዴ ከምጽዋ እስኪመጣ ግን ሐይቁ ዳር ትቆማለች። ስንት ወር እንደሚፈጅ አልተናገሩም።

የሌሎቹን ዝገት በምን እንዳስለቀቅሁ ጠየቁኝ። ሎሚውን፣ የዝናብ ውሃውን፣ ብሩሹንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከእማዬ ሌላ ለማንም ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም። ምጽዋ ሳሉ ከባሕር በተመለሱ ቁጥር እንዲህ ያሉ ብረቶችን ጨው በሌለው ውሃ ያጥቡ እንደነበር፣ ይህን ሳይነግሩኝ መሄዳቸው የራሳቸው ጥፋት እንደሆነ ነገሩኝ። ድምፃቸው ግን የደከመ ነበር።

ተቆጥተውም ይሆናል። ሲወጡ አልተሰናበቱኝም። ሰው ከቧቸው ስለነበርም ሊሆን ይችላል። አባባ እስካሁን አላናገረኝም፤ ዛፉ ሥር ከሰዎቹ ጋር ተቀምጧል።

እኔ ርቦኛል። ከሰኞ ወዲህ እንዲህ ርቦኝ አያውቅም። ንፍሮው ሳያልቅ ልውጣ።