የተገለበጠው ኮይል

ግንቦት 2
ዛሬም ሞተር። ከቀይ አፈር ከተማ የመጣ የወፍጮ ሞተር፣ የውስጡ ሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉ፣ ከሰል ሆኗል። ባለቤቱ "ለቅዳሜ ይደርሳል?" አለኝ። "ለየትኛው ቅዳሜ?" አልኩት። አልሳቀም።

ከሰዓት ማን መጣ? መምህር ወንደሰን! ራሱ! ከአሥረኛ ክፍል ያስባረረኝ። "ይሄ ጭንቅላት ለትምህርት አልተፈጠረም" ብሎ በሰልፍ ፊት ጣቱን የቀሰረብኝ... አሁን ኮሌጅ ነው አሉ የሚያስተምረው። ዓይን ዓይኔን እያየ አላወቀኝም!

"ወንድሜ፣ ኮይል ትጠቀልላለህ?"

እጠቀልላለሁ ቲቸር። አንተንም ጭምር፣ አልኩ በልቤ።

ግንቦት 5
ኮይሎቹ ለካ ወንደሰን ለሚያስተምራት ተማሪ ናቸው። አቢጊያ ትባላለች። የመመረቂያ ሥራዋ ነው። ወንደሰን የነደፈውን የኮይል ሥዕልና አንዲት ጥቁር ውኃ ያለባት ብልቃጥ ይዛ መጣች።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ናኖ ቅንጣት። ውስጡ ብረት፣ ላዩ ወርቅ። አንዱ ብቻውን በዓይን አይታይም።"

"የማይታይ ወርቅ ምን ይሠራል? አክስቴ ጥርሷ ላይ የሚታይ አላት።"

ሳቀች። ከዚያ ቁም ነገሩን ነገረችኝ። ቅንጣቱ በደም ሄዶ የካንሰሩ ዕጢ ላይ ይሰበሰባል። ብረቱን ማግኔት ይስበዋል፣ ፈጣን ኤሌክትሪክ የሚመላለስበት ኮይል መሃል ሲገባ ደግሞ ይግላል። ዕጢው ይቃጠላል፣ ጤነኛው ሥጋ ይተርፋል። ወርቁ ብረቱን ይሸፍናል፣ መድኃኒትም ያሸክሙታል።

"ታዲያ ይሄ ሕክምና እዚህ ሆስፒታል የለም?"

"ኧረ የት! አብዛኛው ገና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ አይጥ ላይ። እኛ በበግ ሞራ ነው የምናሳየው። ቅንጣቱ ያለበት ይቀልጣል፣ የሌለበት አይቀልጥም።"

የወፍጮ ሞተር የሚጠቀልል እጅ... ካንሰር? ማን ያምነኛል?

ግንቦት 9
ሦስት ጊዜ ጠቅልዬ ሦስት ጊዜ አፈረስኩት። የወንደሰን ሥዕል አይሠራም። ትቼው በራሴ መንገድ ሄድኩ። ዙሩን ጨመርኩ፣ ሁለቱን ኮይሎች ፊት ለፊት አቆምኳቸው። ሞራው ቀለጠ! አቢጊያ ጮኸች። ወንደሰን መጣ፣ አየ፣ ፎቶ አነሳ። "ጥሩ ነው" አለ። ለማን እንዳለው እንጃ።

ግንቦት 14
ኮሌጁ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ግንቦት 18 ሥራው ለእንግዶች ይታያል። "የኮይሉ ዲዛይን፦ በመምህር ወንደሰን።" ሁለቴ አነበብኩት። የአቢጊያ ስም ከታች፣ በደቃቁ። የኔ፣ የኤርጎ፣ የለም። ያኔ ጭንቅላት የለህም አለኝ። አሁን ደግሞ እጄን ወሰደው?

ቆይ ብቻ።

ግንቦት 15
አገኘሁት! በሁለቱ ኮይሎች ውስጥ ኤሌክትሪኩ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልዞረ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይገድላል። መሃሉ ባዶ። የአንዱን ሽቦ ጫፎች ማቀያየር፣ በቃ። መብራቱ ይበራል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ሞራው ቁጭ። ቲቸርም ቁጭ። ያውም በእንግዶች ፊት!

ብቻዬን ስስቅ አንድ ደንበኛ ከበር ተመለሰ።

ግንቦት 18
አደረግኩት። ጠዋት "ሽቦውን ላጥብቀው" ብዬ ገባሁ፣ ገለበጥኩት፣ ወጣሁ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወንደሰን ከረባት አስሮ "እኔ የነደፍኩት ኮይል..." ሲል ጥርሴን ነከስኩ። ማብሪያውን ተጫነ። አምስት ደቂቃ። ሞራው ወይ ፍንክች። አንድ እንግዳ አዛጋ። ሄጄ ልስመው ነበር። የቲቸር ላብ በጆሮው ሥር ሲወርድ አየሁ... እንዴት ደስ ይላል!

ከዚያ ዞር አለ።

"የገጣጠመችው ተማሪዋ ናት። አቢጊያ፣ ነግሬሽ አልነበረም? ይሄ ሥራ ከአቅምሽ በላይ ነው።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ያው ድምፅ። ያው ጣት። አቢጊያ አላለቀሰችም። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ትነካካ ጀመር።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ዝም ልልም ነበር። እግሬ ተነሳ።

"እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው የገለበጥኩት።"

"አንተ ደግሞ ማነህ?" አለኝ ወንደሰን።

"ኮይሉን የሠራሁት።"

ሄጄ ጫፎቹን መለስኩ። ጥቂት ቆይቶ ሞራው ከመሃል ቀለጠ። ዳሩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሰው አጨበጨበ። አቢጊያ ዞራም አላየችኝ።

ግንቦት 19
አልመጣችም።

ግንቦት 21
ደወልኩላት።

"እሱን ነበር የፈለግኩት፣ አንቺን አይደለም።"

"እሱማ ገብቶኛል። ስትገለብጠው ግን የማን ሥራ መስሎህ ነው? የኔም አይደል?"

ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ። አታነሳም።

ሰኔ 4
መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። የተጠረዘ ጽሑፏን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጋ "ገጽ አርባ አንድ" ብላ ወጣች።

"ኮይሉን ነድፎ የሠራው፦ ኤርጎ።"
"በማሳያው ቀን ሆን ብሎ ያበላሸው፦ ኤርጎ።"

ከሥሩ የወንደሰን ፊርማ። አስፈርማዋለች! እንዴት እንዳስፈረመችው እሷ ታውቃለች። እኔ ስንት ቀን ሳውጠነጥን ከርሜ... እሷ በሁለት መስመር ሁለታችንንም ተበቀለች።

ቤት ይዤው ሄድኩ። እናቴ ማንበብ አትችልም። የመጀመሪያውን መስመር፣ ስሜን በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩላት። እልል አለች። ጎረቤት ልትጠራ ተነስታ ተመለሰችና ጣቷን ሁለተኛው መስመር ላይ አደረገች። በቋንቋችን፣ በአሪኛ ጠየቀችኝ።

"ይሄም ያንተ ስም አይደል? ቅርጹ አንድ ነው። ይሄኛውስ ምን ይላል?"

ውሸት ሞልቶኛል፣ እኔን ምን ይቸግረኛል... አፌን ከፈትኩ።

አነበብኩላት።