ጨው ያልነካው ጭኮ

ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሌንሳ አባት፣ ለቀጄላ

ለጤናህ እንደምን አለህ? እንደ ደንቡ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ደህና መሆንህን ግን ረዳትህ ቶሌራ ነግሮኛል። የባቱ ሙቀት ተስማምቶሃል፣ አይሱዙውም የሽንኩርቱ ጭነትም እንደ ልብህ ሆኖልሃል አለኝ። እሰይ። ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ይመቸው።

ብትደውይልኝ ምን ነበረበት ትል ይሆናል። ደውያለሁ። ሁለቴ አላነሳህም፤ በሦስተኛው እኔ ጮኽኩ፣ አንተ ዘጋህ። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ቶሌራ ነገ ማለዳ ወደ አንተ ስለሚወርድ ይህን ደብዳቤና አንድ ጣሳ በእጅህ እንዲያስረክብህ አደራ ብዬዋለሁ። ደብዳቤውን ሳትጨርስ ጣሳውን እንዳትከፍተው።

ልጅህ ከትናንት በስቲያ ከሆስፒታል ወጣች። አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ነበር። አዎ፣ ሌንሳ። ያቺ መስከረም ላይ ፎቶ አንስተህ «ልጄ ሥጋ ለበሰች» እያልክ ለወንድሞችህ ሁሉ የላክኻት። ዛሬ ክብደቷ ሠላሳ አምስት ኪሎ ተኩል ነው። አትደንግጥ አልልህም። ደንግጥ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አንተ መሃል ላይ ገብተህ መሃል ላይ ነው የወጣኸው። ሚያዝያ ላይ ሐኪሙ ያለንን ታውቀዋለህ። የልቧ ቫልቭ ተጎድቷል፣ መጠገን አለበት፣ በሠላሳ አራት ኪሎ ግን ቀዶ ጥገናውን አትችለውም። ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩት ሐኪሞች በዓመት ሁለቴ ነው የሚመጡት፤ ጥቅምት መጨረሻ እስኪመጡ አርባ ኪሎ ትሙላ ተባለ። ጨው ደግሞ መቀነስ አለበት፤ ልቧ ደካማ ስለሆነ ጨው በበላች ቁጥር ውሃው ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል። ወፍሪ ተብላ፣ የሚጣፍጠው ሁሉ የተከለከለች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

የምግብ ምክር የምትሰጠን ነርስ፣ ሲስተር ሀና፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ አንስታ አሳየችኝ። «በቀን የምትበላው ጨው በሙሉ ተደምሮ ከዚህች ያነሰ ይሁን፤ ተደብቆ ያለውንም ቆጥረሽ» አለችኝ። ተደብቆ ያለው የቱ ነው ብዬ ወደ ጓዳ ስገባ ጉዴ ፈላ። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው እንደዚያው። ሚጥሚጣውማ አይወራ። አዋዜው፣ የዳቦ ቤቱ ዳቦ፣ ወጥ ላይ የምበትነው የሱቅ ቅመም፣ ሁሉም ጨው ነው። ሃያ ዓመት ሙያ አለኝ ስል የኖርኩት ሴትዮ ጓዳዬን እንደ አዲስ መማር ጀመርኩ።

የነበረውን በርበሬ ለጎረቤት አድዬ ዛላ ገዛሁ፤ ቀንጥሼ፣ አድርቄ፣ ያለ ጨው አስፈጨሁ። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ «ምን ሆነሽ ነው፣ ይበላሽብሻል እኮ» ብላ አየችኝ። ጠዋት እንቁላል በአቮካዶ። ረፋድ ላይ ራሴ ቆልቼ የፈጨሁት ለውዝ በሙዝ። ምሳ ምስር ወይ ሥጋ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላ፣ ሲወጣ ሎሚ ጠብ እያደረግኩበት። በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ስድስቴ። የመጀመሪያው ሳምንት «እማ፣ ሣር ነው የምታበይኝ?» እያለች አለቀሰች። ከምግቡ ይልቅ ያስጠላት ለብቻዋ በትንሽ ሳህን መቅረቡ ነበር። ከሰው ተለይቶ የሚበላ ሕመምተኛ ነዋ። ሲገባኝ ሳህኗን አንስቼ እኔም ጨው ተውኩ፤ በአንድ ትሪ መብላት ጀመርን። ከዚያ በኋላ እጇ ተፈታ።

እናትህም ከፉሪ ጭኮ ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸው ከስታ እንዴት ዝም ይበሉ። የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ተለውሶ ቅቤው የሚወርድ፣ ጨውም ያልተሰሰተበት። አይሆንም ስላቸው ሦስት ሳምንት ኩርፊያ ሆነ። በአራተኛው ሌንሳ ራሷ ደውላ «አኮ፣ ያለ ጨው ሥሪልኝ» አለቻቸው። እማማ ገዲሴ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ጭኮ ሲሠሩ የኖሩ ሴት፣ ያለ ጨው ለወሱት። ቀመሱት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ «ይኼ ለማን ይሆናል?» አሉና ከሷ ጋር በማንኪያ እየተሻሙ ጨረሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣሳው በየሳምንቱ ይመጣል፤ ሲመጡም አብረዋት ይበላሉ። ልብ በል፣ ቀጄላ።

በየቅዳሜው ፋርማሲው በር ላይ ያለው ሚዛን ላይ እናወጣታለን። ሠላሳ አራት ተኩል። ሠላሳ አምስት። አንድ ሳምንት ደግሞ ምንም። ሁለት መቶ ግራም ስትጨምር እልል ልል ደርሼ አፌን ይዣለሁ። መስቀል ሲደርስ ሠላሳ ሰባት ተኩል ገብታ ነበር። የቀሩን ሁለት ኪሎ ተኩልና አንድ ወር ነበሩ።

ከዚያ አንተ መጣህ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይንህን ያላየች ልጅ በሩ ላይ ስታይህ የሆነችውን አትረሳውም፤ እኔም አልረሳሁትም። የመስቀል ዕለት ትሪው ቀረበ። ቀመስከውና ሳቅህ መጣ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ብለህ ተረትክ፤ ሌንሳም ሳቀች። ከዚያ ከራስህ ጓዝ ሚጥሚጣ አውጥተህ በተንክበትና ጠቅልለህ አጎረስካት። «ቀጄላ፣ የሐኪም ትዕዛዝ ነው» አልኩህ። «የአባት ጉርሻ አይመለስም» አልከኝ። እውነትህን ነው፣ አይመለስም። የትኛዋ ልጅ ናት ሁለት ዓመት የጠበቀችውን እጅ ከአፏ የምትመልሰው? ያንን ታውቅ ነበር፤ ለዚህም ነው እጅህን የዘረጋኸው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲል «ላናፍሳት» ብለህ ይዘሃት ትወጣ ጀመር። ማናፈሱ ሥጋ ቤት ነበር። ጥብሱ ከነአዋዜው፣ ክትፎው ከነሚጥሚጣው። «እናትሽ በረሃብ ልትገድልሽ ነው» ብለህ እንደነገርካት ያወቅኩት ሆስፒታል ነው፤ ለሐኪሙ ስትናገር።

ልትሄድ ስትል ፋርማሲው ሚዛን ላይ አወጣሃት። አርባ ኪሎ ከሰባት መቶ። ያኔ በእናትህ ፊት፣ በፋርማሲስቱ ፊት ያልከኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ። «አንቺ በአምስት ወር ያቃተሽን እኔ በዐሥር ቀን ሠራሁት። ልጅ እንዴት እንደሚበላ ተማሪ።» የሚመለከቱን ሰዎች ሳቁ። ሰፈሩም ከአንተ ወገን ሆነ። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጯ ወዛ፣ አባት ለካ መድኃኒት ነው ተባለ። እኔ ባዶ ሳህን ተሸክሜ የኖርኩ ሞኝ ሆኜ ቀረሁ። በማግስቱ በደስታ ባቱ ገባህ።

ጥቅምት አንድ ቀን ቀጠሮዋ ነበር። የሲስተር ሀና ሚዛን አርባ አንድ ተኩል አለ። ሌንሳ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ጮኸች። ሲስተር ሀና ግን አልሳቀችም። አስቀመጠቻት፣ ካልሲዋን አወለቀች፣ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ተጭና ትንሽ ቆየችና ለቀቀችው። ጣቷ ተነሣ፣ ጉድጓዱ ቀረ። ሊጥ ላይ እንደሚቀረው ቀረ። «እትዬ ጤናዬ፣ ይኼ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው» አለችኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ውሃ መዝነን ስንጨፍር ነበር።

በዚያው ቀን አስተኟት። ውሃው ሳንባዋም ድረስ ሄዶ ነበር፤ ደረጃ መውጣት አቅቷት በወንበር ገፋናት። በመርፌ በመርፌ ውሃውን አወጡላት፤ ሲወጣ ግን የእኔንም ይዞ ወጣ። ታማ የማትበላባቸው ቀናት እኔ በአምስት ወር ካለበስኳት ሦስት ኪሎ ተኩል ሁለቱን ወሰዱት። ተራዋም ሄደ። በእሷ ቦታ ከሐዋሳ የመጣች ልጅ ተመዘገበች። እናትየዋ ኮሪደር ላይ ተንበርክካ ስታመሰግን አየኋት፤ ልጠላት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ሐኪሞቹ እንደገና የሚመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። «ልቧ እስከዚያ ይጠብቃል ወይ?» ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ወረቀቱን ማየት ጀመረ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስጽፍ ልጅህ አልላከችኝም። እንዲያውም «አባዬን እንዳትነግሪው» ብላ አስምላኛለች። «ከነገርሽው ያፍራል፤ ካፈረ ደግሞ አይመጣም» አለችኝ። ጨውን ነው ይህን ያህል የወደድሽው ብዬ ተቆጣኋት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እማ፣ አዋዜው አፌን ያቃጥለኝ ነበር። ለአምስት ወር ያለ ጨው በልቼ ምላሴ ለምዶ ነበር። የበላሁት አባዬ በአንድ ሳህን አብሮኝ ስለሚበላ ነው።» ሰማኸኝ? ያ ሁሉ ጥብስ ለምንም አልነበረም። እዚሁ እቤት ትሪው ላይ እጅህን ብትሰድ ይበቃት ነበር።

ይህን ያህል ካወቅክ አንድ የቀረ ነገር አለ። እሱን ሳልጽፍ ደብዳቤውን ባሽገው አንተን የከሰስኩበት ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ፋርማሲው ሚዛን ላይ ያወጣሃት ቀን ጠዋት፣ ጫማዋን ሳስርላት ካልሲዋን ዝቅ አድርጌው ነበር። የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ሠርቶ ሰርጉዶ ነበር። ሲስተር ሀና ሚያዝያ ላይ «ይኼን ካየሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ አምጫት» ብላኛለች፤ ሌንሳም በእጅ ጽሕፈቷ ጽፋ ጓዳው በር ላይ ለጥፋዋለች። ልብሷ ጥብስ ጥብስ ሲሸት ሦስት ቀን አልፎት ነበር። አይቼ ካልሲውን መልሼ ወደ ላይ ሳብኩት። ዝም ያልኩበትን ምክንያት ልጽፍልህ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ ከላይ የሚታይህ ስርዝ እሱ ነው። ይህን ብቻ ልበልህ፦ ያን ሰሞን ትሪው ላይ ሦስት እጅ ነበር። ሳቅህም እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር። አሥራ አምስት ቀን ዘግይተናል አለ ሐኪሙ፤ ከዚያ ውስጥ አምስቱ የእኔ ናቸው።

አሁን ጣሳውን ክፈተው። ጭኮ ነው፤ እናትህ የሠሩት፣ ጨው ያልነካው። አንድ ማንኪያ አፍህ ውስጥ አስገባና ዝም ብለህ አላምጠው። የመጀመሪያው ቀን አፈር አፈር ይልሃል። በሁለተኛው ቅቤው ይታወቅሃል፣ በሦስተኛው ኮረሪማው። በሳምንቱ ጣሳውን ጨርሰህ ካገኘኸው ና። ካስጠላህ ግን እዚያው ሁን፤ ስለ ድንጋይና ጨው የተረትከው ተረት የማንኛችን እንደሆነ ያኔ ይለያል።

እስከ ፋሲካ አራት ኪሎ ተኩል ይቀረናል። እኔ ምግቡን እሠራለሁ፣ እናትህ ጭኮውን ያመጣሉ። የቀረው አብሯት የሚበላ ሰው ነው። ና የምልህ ለእኔ ብዬ አይደለም፤ ለእኔ ብዬ ቢሆን ኖሮ ያን ስርዝ አልሰርዘውም ነበር።

መንገድህን ጌታ ይጠብቅልህ፣ በሄድክበት ከክፉ ያውጣህ። እናትህ ሰላም ብለውሃል። ሌንሳ ሰላም አላለችህም፤ የተኛሁ መስሏታል፣ እንደዚያው እንዲመስላት ፈልጌ ነው ቀስ ብዬ የምጽፈው።

የሌንሳ እናት
ጤናዬ

ከመንገድ ሙዙንም ሥጋውንም እንዳትገዛ። ጎረቤት ምን ይለኛል አትበል። አንድ ጊዜ እንኳ ባዶ እጅህን ና።